የተሰመረ የሎሚ ቅጠል

ሚያዝያ 12 ቀን 1974
ሙቀት። በጣሳ የተከልኳቸውን የሎሚ ችግኞች አጠጣሁ፤ ሁለት መቶ አሥር ናቸው። ወገቤ አለቀ። የእህል ንግዱ ከተዘጋብኝ ወዲህ የምንኖረው በእነዚህ ነው። ክረምቱ ሲገባ የዴራው ኦቦ ጆቴ ለገበሬ ማኅበራቸው ሊወስዷቸው ቃል ገብተዋል።
ለጋው ቅጠል ላይ የብር ክር የመሰለ ጠመዝማዛ መስመር አየሁ። ባለቤቴ ዘርፉ፣ "ቀንድ አውጣ ሄዶበት ነው" አለች። በጣቴ ጠረግሁት። አልለቀቀም... ከቅጠሉ ቆዳ ሥር ነው።

ሚያዝያ 15
መስመር ያለበትን ሁሉ ቀጠፍኩ። በርበሬም ሲሸጥ የተበላሸው ይለቀማል። ቶሎ እንዲያቆጠቁጡ ውሃ ጨመርኩ።

ሚያዝያ 27
አቆጠቆጡ። አዲሱ ቅጠል በሙሉ ተሰምሯል፤ ከበፊቱ ይብሳል። ደግሞ ቀጠፍኩ። እስከ መቼ?

ግንቦት 2
ቅጠሉን ወደ ፀሐይ ብይዘው፣ መስመሩ የሚያልቅበት ላይ ደቃቅ ቢጫ ትል። አንዳንዷ የቅጠሉን ጠርዝ አጥፋ ተሸፍናለች። አንዷን ከነቅጠሏ ብርጭቆ ውስጥ ከትቼ አፉን በጨርቅ አሰርኩ።
"እህሉ ሲቀር ትል ማርባት ጀመርክ?" ዘርፉ ናት።

ግንቦት 9
ብርጭቆው ውስጥ ብናኝ የምታህል ነጭ ብል። ክንፏ ጫፍ ላይ ጥቁር ነጥብ። እንዲህ ያደከመችኝ ይቺ ናት?

ግንቦት 11
ከሽንት ቤቱ ጀርባ የረሳኋቸው አሥራ አንድ ጣሳዎች... ያጠጣቸውም የቀጠፋቸውም የለም። ጥቂት የተጨማደደ ቅጠል አላቸው፤ የቀረው ጠንካራ፣ ንጹሕ። ብሏ እንቁላሏን የምትጥለው ለጋ ላይ ነው። ለጋውን ማን አበቀለላት? እኔው፣ እየቀጠፍኩ፣ እያጠጣሁ።
ከዛሬ ጀምሮ መቅጠፍ የለም። ውሃም በአራት ቀን አንዴ። ዘርፉ ተቆጣች። "ይሄን ጭምዳድ ለኦቦ ጆቴ ልታሳይ?"

ሰኔ 14
ኦቦ ጆቴ መጡ። የተበላውን ቅጠል ራሴ አሳየኋቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ።
"ነጋዴ የዕቃውን ነውር ሲያወጣ ገና ዛሬ አየሁ። ትልቁን ነውር የት ደበቅኸው?"
"ሌላ የለም።"
ጣሳ እየገለበጡ ሥሩን ሁሉ አዩ። ሠላሳ ብቻ ጫኑ።

ሐምሌ 8
ኦቦ ጆቴ በሹፌር መልእክት ላኩብኝ፦ ሠላሳዎቹ ሥር ይዘዋል። የቀሩትን ይዘህ ና፣ ገበሬዎቹ የተሰመረውን መቅጠፍ ጀምረዋል፣ አንተው አስቁማቸው።

ሐምሌ 10፣ ዴራ
በዝናብ ደረስን። የማኅበሩ አዳራሽ በገበሬ ሞልቷል። ካመጣሁት ውስጥ ከሁሉ የከፋውን ቅጠል ከፍ አድርጌ ያዝኩ። "የምሸጥላችሁ ይሄን ነው። አትንኩት፤ ራሱ ይጠነክራል።"
ሳቁ። ኦቦ ጆቴም ሳቁ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ተነሥተው ጣሳዎቹን ከመኪናው ማውረድ ጀመሩ፤ ሁሉንም።