ለእንግዳ የቀዳነው ውኃ

ለተከበሩ የኒውክሌር ማመንጫ ቦታ ጥናት የውኃ ክትትል ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ደብረ ታቦር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ከርሟል? የቤተሰብዎስ፣ የልጆችዎስ፣ የሆድዎስ? ሆድን ለይቼ መጠየቄን እንደ ብልግና አይቁጠሩብኝ፤ በእኛ በወይራ አምባ በአሁኑ ወቅት ሰው ሲገናኝ የሚጠያየቀው ስለ ሆዱ ስለሆነ ልማድ ሆኖብኝ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ እርስዎ በጻፉልን መጠን ባይሆንም አለን።

በቀበሌው ግድግዳ ላይ ያስለጠፉትን ማስታወቂያ አንብቤዋለሁ። ፊደል የቆጠርሁት ካረጀሁ በኋላ፣ በጎልማሶች ትምህርት ስለሆነ፣ ዝግ ብዬ ነው የማነብ። «የወይራ አምባ ምንጭ ውኃ ከጨረር ነጻ ሲሆን ለመጠጥም ተስማሚ ነው» ይላል። ጎረቤቶቼ «ፊደሉን ስተሽ ይሆናል» ስላሉኝ ተመልሼ ደገምሁት። አልሳትሁም። ባልተማርሁ ኖሮ ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ነው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ እነሆ።

አንደኛ፣ ስለ ጨረሩ። ማመንጫው ይሠራ አይሠራ ገና ሳይታወቅ፣ ያልመጣውን ጨረር ፈልገው አለመኖሩን ስላረጋገጡልን ከልብ አመሰግናለሁ። የመጣው ግን ናፍጣ ነው። አፈሩ ማመንጫ ይችል እንደሆነ የሚመረምረው የመቆፈሪያ ማሽን ታች ምንጭ ከምንለው ከመጠጫችን በላይ ባለው ጠፍ መሬት ላይ ከቆመ ወዲህ፣ የሚደፋው ጭቃና ዘይት በቦዩ ወርዶ እምንጩ ይገባል። ውኃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ይንሳፈፋል። ስናፈላው ሽታው ቤቱን ይሞላዋል እንጂ አይለቅም። ከብቶቹ አሽትተው ይመለሳሉ፤ እኛ አሽትተን እንጠጣለን፤ የምንመለስበት ሌላ ውኃ የለንምና።

ሁለተኛ፣ ስለ ላኩልን ባለሙያ። እንግዳ ይመጣል ተብለን መንገዱን ጠርገን፣ ወይራው ጥላ ሥር አጎዛ አንጥፈን ጠበቅናቸው። ባለሙያው ከመኪና ወረዱ፣ ወደ ታች ምንጭ የሚወስደውን ቁልቁለት አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ አጎዛው ላይም ተቀመጡ። ከዚያ ባዶ ጠርሙሶች አውጥተው «እስቲ ውኃ ቅዱልኝ» አሉ። ክቡር ሆይ፣ በእኛ አገር እንግዳ ባዶ ዕቃ ከዘረጋ ጠምቶታል፤ ለጠማው እንግዳ ደግሞ ናፍጣ አይቀዳም። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሥር ጠብ ጠብ የምትል ምንጭ አለችን። በበጋ ከንጋት እስከ ቀትር አንድ እንስራ ብትሞላ ነው፤ እሷም ለቅዳሴ የምትጠበቅ ናት። ቄሰ ገበዙ አባ ሙላቴ «እንግዳ የእግዚአብሔር ነው፣ ስጧቸው» ብለው ፈቀዱ፤ ሴቶቹ ተሯሩጠው፣ በነጠላ አጥልለው ሞሉላቸው። ባለሙያው ሳይቀምሱ ክዳኑን ገጥመው ሳጥን ውስጥ ሲያስቀምጡት ገረመን። ጎረቤቴ ዝናሽ «ለልጆቻቸው በረከት ሊወስዱ ነው» አለች፤ እኛም ደስ አለን። «ጌታዬ፣ እኛ የምንጠጣው እታች ነው፣ ይምጡ እናሳይዎ» ብንላቸው «ይበቃል እናቴ፣ ውኃ ውኃ ነው» ብለውን ሄዱ።

እንግዲህ የመረመራችሁት የቅዳሴውን ውኃ ነው። ንጹሕ መሆኑን እኛም እንመሰክራለን።

ሦስተኛ፣ ስለ ቦቴው። ናፍጣው እንደ ጀመረ ጮኸን ሰሚ አግኝተን ስለ ነበር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የውኃ ቦቴ ከከተማ ይመጣልን ነበር። ማስታወቂያው በተለጠፈ ሳምንት ቀረ። ሾፌሩን አስናቀን ገበያ ላይ አግኝቼ ብጠይቀው፣ አንገቱን ደፍቶ «እማማ፣ ንጹሕ ውኃ ላላቸው ሰዎች ነዳጅ አይፈቀድም አሉኝ» አለኝ። ነዳጁ በሌላ መንገድ እየደረሰን መሆኑን ነገርሁት።

አራተኛው ምስጋና አይደለም፤ ምስጋና ላደርገው ሞክሬ አልሆነልኝም። ማስተዋል የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ። ጡት ከጣለች ወዲህ የምትጠጣው ያንኑ ነው፤ የምትበላውም በዚያው የተቀቀለ ነው። ሆዷ አልቆም ሲል እናቷ ሰላማዊት ወደ ሆስፒታል ወሰደቻትና ቀና ብላ ተመለሰች። የተመለሰችው ግን ወደዚያው ውኃ ነው። ዳግመኛ ስትታመም የጤና ኤክስቴንሽኗ የተቅማጥ ዱቄት ሰጠችን፤ «በንጹሕ ውኃ እየበጠበጣችሁ አጠጧት» አለችን። «ንጹሑ የቱ ነው?» አልናት። እሷም ማስታወቂያችሁን አንብባ ኖሮ «የእናንተማ ተመርምሮ የለም እንዴ» አለች። በጥብጠን አጠጣናት፤ አስመለሳት። አባ ሙላቴ ከላይኛው ምንጭ በጣሳ ይሰጡናል፤ ነገር ግን ልጅ የታመመባት ቤት የእኛ ብቻ አይደለችም፤ ጠብታም ለሁሉ አይዳረስም። ማስተዋል አሁን ስታለቅስ እንባ አይወጣትም።

ይህንን ለማስረዳት ቢሮዎ መጥቼ ነበር። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በኋላም ስብሰባ ላይ ነበሩ። በር ላይ ያገኘሁት ሠራተኛ ግን በትሕትና «እናቴ፣ ውጤቱ የወጣው በማሽን ነው፤ ማሽን አይዋሽም። ሌላ ናሙና የሚወሰደው በመጪው ዓመት ዕቅድ ነው» አለኝ። እኔ ማሽኑን አልከሰስሁም። ማሽኑ የሰጡትን አይቷል። ቁልቁለቱን አለመውረዱም አይፈረድበትም፤ እግር የለውም።

ክቡር ሆይ፣ አሽሙሩን ልተወው፤ አሽሙር ውኃ አያጠራም። ሰው ይላኩልን። ሳይነግሩን ይላኩ፤ ከነገሩን ወግ ይዞን እንደገና እናበላሸዋለን። የመጣው ሰው አይቀመጥ፤ ታች ምንጭ ወርዶ በገዛ እጁ ይቅዳ። ቁልቁለቱ ከእናንተ ከተማ ወደ ጋፋት ከሚወስደው መንገድ አይብስም፣ እኔም በዚህ ዕድሜዬ እንስራ አዝዬ እወጣዋለሁ። ያ እስኪሆን ቦቴው ይመለስ። የመጪው ዓመት ዕቅድ ለእርስዎ ቅርብ ነው፤ ለማስተዋል ግን ቅዳሜም ሩቅ ነው። ከዚህ ሌላ የምለምነው የለኝም።

ወንበርዎ እንዲጸና፣ ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ የሚጠጡትም ውኃ ሁልጊዜ እኛ ለእንግዳ እንደምንቀዳው እንዲሆን እየጸለይሁ፣ በወረቀትዎ ላይ ጤነኛ የሆንሁት ታዛዥዎ፣

ፈንታነሽ ይሻው
ወይራ አምባ፣ ከጋፋት ማዶ

ተጨማሪ፦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሃይላንድ ዕቃ የላክሁልዎ ከታች ምንጭ የተቀዳ ነው፤ አላጠለልሁትም። ለእንግዳ የማይሰጠውን ለእርስዎ መላኬን እንደ ንቀት አይዩብኝ፤ ለመጠጥ ተስማሚ ነው ብለው የፈረሙት እርስዎ ስለሆኑ እንደ ቤተኛ ቆጥሬዎ ነው። ሊጠጡት ካልወደዱ ግን እባክዎ አይድፉት፤ ይመልሱልኝ። የማስተዋልን ዱቄት የምንበጠብጠው በእሱ ነው።