ለኩማ ማሽን ቲዩብ ስንፈልግ

ጥር 16፣ ሰኞ

እንዴት ብዬ ልጻፈው... ዛሬ ሚኒባስ ሙሉ ሰው ዋሸሁ። የሌለችኝን ልጅ ታቅፌ ከሻሸመኔ ሐዋሳ ገባሁ።

የታቀፍኩት ፒክቸር ቲዩብ ነው። ያ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ያለው፣ ፊቱ ሰፊ፣ ጀርባው እየሾጠጠ ሄዶ አንገት የሚሆን መስታወት። ሻሸመኔ ተገኘ ተባለ። ባሌ ኩማ ጌም ቤቱን ዘግቶ መሄድ ስላልፈለገ እኔን ላከ። "ውስጡ አየር የለውም። ከተመታ ይፈነዳል። እንደ እንቁላል ያዢው" አለኝ። ይህን ሰምቶ የሚረጋጋ ማነው? በጋቢ ጠቀለልኩት። ተሳፋሪው ሲጋፋ ደግሞ "ቀስ በሉ፣ ልጅ ተኝታለች" የሚል ቃል ከአፌ አመለጠ።

አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ ዞሩ። "ውይ፣ ትታፈናለች እኮ። ፊቷን ግለጪላት።"

"ብርድ መቷት ነው።"

"ስንት ዓመቷ ነው?"

"ሁለት።"

"ለሁለት ዓመት ከብዳለች፤ ጭንሽን አደቀቀችው። ስሟስ?"

ላብ አጠመቀኝ። "ወንጌላዊት" አልኩ። ጋቢውን ዳበስ አድርገው መረቋት። ስወርድ ደግሞ "እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ አንዴ እንኳ አልተነጫነጨችም" አሉኝ።

ለአንባቢ ደብዳቤ መልስ ለምጽፍበት መጽሔት ብጽፈው አንባቢዎቼ ይስቁ ነበር። እዚህ ግን ከራሴ ጋር ነኝ። እውነቱን ልናገር... ቲዩቡ ሲፈነዳ አልነበረም የታየኝ። ኩማ ነበር የታየኝ።

ጥር 17፣ ማክሰኞ

ከአራቱ የጌም ማሽኖች ሦስቱ ሞተዋል። በቀረው ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም ጠፍቶ የጌሙ ተደባዳቢዎች ሁሉ አረንጓዴ ሆነዋል። "ጋሽ ኩማ፣ እነዚህን ሰዎች ወባ ይዟቸዋል እንዴ?" ይላሉ ልጆቹ። እሱ ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ጥቅምት ላይ የዚህኑ ማሽን ጀርባ ከፍቶ ሲነካካ ኤሌክትሪክ መታው። ወለሉ ላይ ተዘርሮ ነው ያገኘሁት፣ ከንፈሩ አመድ መስሎ። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ ነበር የተናገረው። "የልብዎ ምት ተዛብቷል። ኤሌክትሪክ ሁለተኛ ከመታዎት ላይነሱ ይችላሉ። በወሩ ተመልሰው ይምጡ።" ኩማ ገና በሩን ሳንወጣ "ሐኪም ካላስፈራራ እንጀራው አይበስልም" ብሎ ቀለደ። በወሩ አልሄደም። እስካሁን አልሄደም። የሚቀይረውን ቲዩብ ፍለጋ ግን ሻሸመኔ ድረስ ይልከኛል።

"ፒያሳ ያለው ፊልሞን ይሥራልህ፣ ቲቪ ሲጠግን ነው የሚውለው" አልኩት።

"ፊልሞን? የሬዲዮ ወጌሻ። ማሽኔን አይነካትም።"

ማታ ለካው። የቲዩቡ ፊት ልክ ነው፤ አንገቱ ግን ወፍራም ሆኖ የማሽኑ ሶኬት ውስጥ አልገባም። እሰይ፣ አልኩ በሆዴ። ሲያዝን ሳየው ደግሞ አፈርኩ... ግን እሰይ።

ጥር 20፣ ዓርብ

እሰይ ማለቴ ብዙ አልቆየም። ከከተማው ወጣ ብሎ ቱላ ያሉት እማማ የሺ፣ የሟች እናቱ የዕድር ጓደኛ፣ አሮጌ ቴሌቪዥን አላቸው። ልጆቻቸው አዲስ ስለገዙላቸው ያኛው ዳንቴል ለብሶ ጓዳ ተቀምጧል። ኩማ ሄዶ አንገቱን አይቶት መጣ። ልክ ነው አለ። "ከፋሲካ ወዲህ አልተከፈተም ብለውኛል። በጣም ጥሩ።"

"ምኑ ነው ጥሩው?"

"ቲዩብ ገመዱ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይይዛል፣ ሳያትዬ። ቂመኛ ነው። ይሄኛው ግን ይህን ያህል ጊዜ ተቀምጦ ቂሙ ወጥቶለታል።"

እሁድ ሊፈታው ይሄዳል። አብሬህ ካልሄድኩ አልኩት። ሄጄስ ምን ላደርግለት ነው?

ጥር 21፣ ቅዳሜ

 ለአንባቢ ደብዳቤ "አይዞሽ እህቴ" ብዬ መልስ ጻፍኩ። ማነው ለእኔ የሚጽፍልኝ?

ጥር 22፣ እሁድ



ከጸሎት እንደወጣን ቱላ። እማማ የሺ ከቆጮ የሚሠራውን ቡርሳሜ በቅቤ አርሰው ከእርጎ ጋር አቀረቡ። "ኩማ፣ ከሳህ። ሚስትህ መጻፍ እንጂ ማብላት አታውቅም እንዴ?" ሳቅን። በየመሃሉ ጓዳ ገባ ወጣ ይላሉ። ሊጨምሩልን መስሎኝ "ጠገብን እኮ እማማ" ስላቸው "አንቺ ብዪ፣ ዝም ብለሽ" ይሉኛል።

እጃችንን ታጥበን ጓዳ ገባን። ዳንቴሉ ተነሳ። ገመዱ ተነቅሎ፣ ተጠቅልሎ ከላዩ ተቀምጧል። ኩማ ከኋላ ሆኖ በካቻቪቴ ብሎኖቹን ፈታ፣ ክዳኑን አወጣ። እኔ ፊት ለፊት ነኝ። መስታወቱ ላይ አቧራ አየሁና በነጠላዬ ጫፍ ልጠርገው ስል...

ነጠላው ተለጠፈ። ጠጠጠጥ አለ። የክንዴ ጸጉር ቆመ።

የኛ ቤት ቴሌቪዥን እንዲህ የሚያደርገው ገና እንደተዘጋ ነው። ከፋሲካ ወዲህ ያልተከፈተ እንዴት ነጠላ ይስባል?

"ኩማ፣ እጅህን አውጣ።"

"ምን ሆንሽ?"

"አውጣ አልኩህ።"

ድምፄን አላወቅሁትም። እሱም አላወቀው መሰለኝ፣ አወጣ። ወደ እማማ ዞርኩ። "ይሄ ቴሌቪዥን ዛሬ ተከፍቶ ነበር?"

"ነዋ፣ አሁን እናንተ ስትበሉ። በኋላ የሞተ ዕቃ ሰጠችን እንድትሉኝ ነው? ድምፁን ቀንሼ አየሁት፣ አንድም አልሆነ። ኋላ ነቀልኩት።" ፊታቸው እንዴት እንደበራ። ጥሩ ነገር የሠሩ ሰው ፊት...

ኩማ ካቻቪቴው ላይ ሽቦ ጠመጠመ፣ የሽቦውን ሌላ ጫፍ ቲዩቡን ከያዘው ብረት ጋር አሰረ። በፕላስቲክ እጀታው ይዞ ጫፉን ከቲዩቡ ጎን ካለው ላስቲክ ሥር ሰደደው። ጧ። ሰማያዊ ብልጭታ። ቂሙ ወጣ። እማማ የሺ "በኢየሱስ ስም" ብለው ግድግዳው ላይ ተለጠፉ።

"ጣቴ ላስቲኩ ጋ ደርሶ ነበር" አለ ኩማ። ይህንን ብሎ ጥግ ያለ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

እማማ ነገሩ ሲገባቸው አለቀሱ። "የጓደኛዬን ልጅ ልገድለው ነበር?" እሱ ነው ያጽናናቸው። "ለእኔው ብለው ነው እማማ፣ ምን አጠፉ?"

ቲዩቡን ጋሪ ላይ ጭድ ውስጥ ቀብረን ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ይቀልዳል ብዬ ጠበቅሁ። ቀልዱን ለመድኩት ለካ... ዝምታው ባሰኝ።

ጥር 23፣ ሰኞ

ማሽኑን አልነካም። ቀኑን ሙሉ በሩ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ልጆቹ "መቼ ነው?" ሲሉት "ነገ" ይላል። ነገ ምን ሊያደርግ ነው?

ጥር 24፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሳይነግረኝ ወጣ። ሲመለስ ከኋላው ማን ቢከተለው ጥሩ ነው? ፊልሞን።

"ጋሽ ኩማ፣ ወጌሻው መጣልዎት" አለ ፊልሞን በሩ ላይ ቆሞ። ለካ ኩማ ያወጣለት ስም ደርሶታል።

"ግባ፣ ግባ። እኔ ከፊት ሆኜ አይሃለሁ እንጂ አልነካም።"

አልነካም። ኩማ ነው ይህን ያለው።

ፊልሞን አሮጌውን አወጣ፣ አዲሱን አስገባ፣ አንገቱ ላይ የመዳብ ሽቦ ጥቅሉን አጠለቀ። ሲከፈት ምስሉ ተንጋደደ። "ሰዎቹ ሰክረዋል፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዙረው" ይላል ኩማ። "አሁንስ?" "በቃ፣ ቆሙ።" ቀስ ብሎ ቀዩ መጣ። ልጆቹ ውጭ ሆነው አጨበጨቡ።

እኔ ስክሪኑን አላየሁም። የኩማን እጆች ነበር የማየው። ሁለቱም ኪሱ ውስጥ ነበሩ።

ፊልሞን ሲሄድ አንዱን እጁን አወጣና የእኔን ይዞ ደረቱ ላይ አደረገው። "ስሚው።" ሁለት ይመታል፣ ይቆማል... ይቆማል... ከዚያ ይሮጣል።

"ከጥቅምት ጀምሮ እንዲህ ነው" አለ። "ሐኪሙ ጋ ያልሄድኩት ንቄው አይደለም። የሚለኝን ፈርቼ ነው።"

በየወሩ ለማላውቀው ሰው አይዞህ የምል ሴትዮ አንድ ቃል ጠፋኝ። እጄን ብቻ አላነሳሁም።

ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ነን። "ብተኛም ቀስቅሺኝ" ብሎ ራሱ ነው የለመነኝ። እስከ ዛሬ ብቻዬን ነበር የምፈራው፤ አሁን ሁለት ሆነናል። ይሻላል? አላውቅም... እጄን ሲይዘኝ ግን የሚሻል መሰለኝ። ሐኪሙ የሚለውን ነገ ማታ እዚሁ አሰፍረዋለሁ፤ ደግም ይሁን ክፉ፣ እንደ መጽሔቱ ሳላሳምር።