ያለ አንተ የገባሁበት ምግብ ቤት

አህመዴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፣ ኑርም ይሙላልህ። አንተን አፈር ካለበስንህ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ረመዳን በር ላይ ቆሟል። የቤቱን ግድግዳ ቀብተን ጨርሰናል። ዘንድሮ አረንጓዴውን ትቼ ሮዝ አደረግኩት፤ ብትኖር «የሙሽራ ቤት አስመሰልሽው» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። የግቢው ሮማን ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ከከተማው ግንብ ውጭ ያለው መንገድም ተነጥፎ መብራት ገብቶለታል፤ ከዐስር ሶላት በኋላ ሰዉ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል።

ይሄን ሁሉ የማወራልህ ዋናውን ለመናገር ስላፈርኩ ነው። ምግብ ቤት ገባሁ፣ አህመዴ። ብቻዬን።

እኔ ሰው ፊት ማኘክ የማፍር ሴት እንደነበርኩ ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እናቴም አያቴም ከቤታቸው ውጭ የበሉት ሠርግ ቤትና ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። አንተ ደግሞ ዕድሜህን አይሱዙ መኪና ላይ የፈጀህ ሰው ነህ። ከባቢሌ እስከ ጅጅጋ ያለ ምግብ ቤት ሁሉ በስምህ ይጠራሃል። ከመንገድ ስትመለስ ልጆቹን ስመህ፣ ውሃ ጠጥተህ፣ ወዲያው የምታወራው ስለበላኸው ነበር። የቱ ጋ ሥጋው እንደለሰለሰ፣ የትኛዋ ሴትዮ ሻዩ ላይ ቅመም እንደማትሰስት፣ የቱ ቤት ባለቤቱ ሲሞት ጣዕሙም አብሮት እንደሞተ። ሰው ስለ ዘመዶቹ እንደሚያወራው ነበር ስለ ምግብ የምታወራው።

ከዚያ ስኳሩ ኩላሊትህን ያዘው። ሐኪሙ ጨው ከለከለህ፣ ሥጋ ከለከለህ፣ ቅባት ከለከለህ። ሌላ ሰው ቢሆን የሚበላ ሰው ማየት ያስጠላው ነበር። አንተ ግን በዚያው ሳምንት ነጠላዬን ከመስቀያው አውርደህ ሰጠኸኝና «ተነሺ፣ ከተማው አዲስ ምግብ ቤት እየከፈተ እኛ እዚህ እንቀመጣለን እንዴ?» አልከኝ።

«አንተ አትበላ፣ ምን ልናደርግ?»

«አንቺ ብዪ። እኔ በጆሮዬ እበላለሁ።»

እንዲያ ነው የጀመርነው። ሐሙስ ሐሙስ እንወጣለን፤ አንተ ጨው የሌለውን ሾርባህን ይዘህ ትቀመጣለህ፣ እኔ እበላና እነግርሃለሁ። መጀመሪያ «ይጣፍጣል» ብቻ ነበር የምልህ። «እሱማ ስኳርም ይጣፍጣል፤ ምን ምን ይላል?» እያልክ አስቸገርከኝ። ቀስ በቀስ አፌ ተፈታ። የቱ ቅመም ቀድሞ እንደመጣ፣ የቱ ወደኋላ እንደቀረ፣ ምን እንዳስታወሰኝ ሁሉ መናገር ቻልኩ። ዓይንህን ጨፍነህ ትሰማለህ፤ አንዳንዴም የምውጠው እኔ ስሆን ጉሮሮህ ይንቀሳቀስ ነበር።

ፈትሒያ ከድሬዳዋ የተመለሰችው ያኔ ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ፣ እዚያ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ስትሠራ የቆየችው። የአክስቷን ግቢ አጽድታ፣ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ለአንድ ምሽት ብቻ እንግዳ የምትጠራበትን ነገር ጀመረች። በስልክ ታስነግራለች፤ የመጣው ይበላል፤ በማግስቱ ግቢው ተመልሶ ግቢ ይሆናል። ልጆቹ «ፖፕ አፕ» ይሉታል። አንተ «ፖፖው መቼ ነው?» ስትላት ሆዷን ይዛ ተቀምጣ ሳቀች። እንደ አባቷ «አው» እያለች ነበር የምትጠራህ፤ «አው አህመድ፣ በአላህ፣ ምግብ ላይ እንዲህ አይባልም!» አለችህ። ከዚያ በኋላ ሆን ብለህ ስሙን አላስተካከልክም።

የእሷ የመጀመሪያ እንግዶች እኛ ነበርን። ብዙ ሰው «የቤት ምግብ ለገበያ አወጣች» ብሎ ሲያማት አንተ ግን እልፍኝ እንደተጋበዘ ሰው ነጭ ለብሰህ ሄድክላት።

አንተ ከሄድክ በኋላ ዒዳዬን፣ አራት ወር ከዐሥር ቀኑን የሐዘን ጊዜ፣ ቤት ተቀምጬ ጨረስኩ። ካለቀም በኋላ አልወጣሁም። ጀማል በየሳምንቱ ከድሬዳዋ ይደውላል። ልጃችን ያው እንደምታውቀው ነው፤ ሲጨነቅ ያዛል። «እማ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ? እኔ ጋ ነይ፤ ቤቱን እናከራየዋለን» ይለኛል። እሺም እንቢም አልልም ነበር። እውነቱን ልንገርህና፣ ልሄድ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ለራሴ ማብሰል ትቼ ነበር። ዳቦ በሻይ እበላና እተኛለሁ።

አንድ ቀን ፈትሒያ በሩን አንኳኳች። ከፈላና በር ወጣ ብሎ ባለው አዲሱ ፎቅ ላይ ምግብ ቤት ከፍታለች። እጇ ላይ ቀለም አለ፤ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል። አልተቀመጠችም።

«እማማ ዘይነብ፣ ሐሙስ ምሳ ሰዓት ይምጡልኝ። ከተከፈተ ሳምንቱ ነው። የመጣው ሁሉ «አሪፍ ነው» ብሎኝ ይሄዳል። አሪፍ ምኑ ነው? እውነቱን የሚነግረኝ ሰው የለም።»

«እሱን የሚያውቀው አህመድ ነበር፣ ልጄ።»

«አው አህመድ ሾርባ ብቻ ነበር የሚጠጡት» አለችኝ። «ሲቀምሱ የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

ሐሙስ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ፤ ከበሩ ተመለስኩ፤ ደግሜ ወጣሁ። ደረጃውን ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። አንዲት አስተናጋጅ ፈገግ ብላ «ስንት ሰው ናችሁ፣ እማማ?» አለችኝ።

«አንድ» አልኩ። አንድ ማለት እንደዚህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

መስኮት አጠገብ አስቀመጠችኝ። ቤቱ እንዴት ያምራል መሰለህ! እኛ ግድግዳ ላይ የምንሰቅላቸውን በቀለም የተሠሩ ስፌቶች ሰቅላለች፤ ግን እንደ ሱቅ አላጨናነቀችውም፤ አንድ እዚህ፣ አንድ እዚያ። ከመስኮቱ ሥር ባጃጆቹ ይርመሰመሳሉ፤ ከነሱ ማዶ ግንቡ ይታያል። ወጥ ቤቱ ክፍት ነው፤ ልጆቹ ሲሠሩ ታያለህ። ፈትሒያ መሐላቸው ቆማ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ታዛለች።

ከማዶ ጠረጴዛ ወንዶች ተቀምጠዋል። አንዱ አብሮህ ይቅም የነበረ ሰው ነው፤ ስሙን አልጠራም። እንድሰማው አድርጎ «ዒዳዋን ጨረሰችና ሆቴል ጀመረች» አለ። ጆሮዬ ጋለ። ቦርሳዬን ያዝኩ። ልነሳ ስል ሳህኑ መጣ።

አህመዴ፣ ልንገርህ። የግመል ሥጋ ነው፤ በትንሽ እሳት ብዙ ሰዓት ስለቆየ ማንኪያ ስታስጠጋው ከአጥንቱ ይለቃል። ከሥሩ ከገጠሩ ከድሬ ጠያራ የመጣ በቆሎ ቂጣ ተቆራርሶ መረቁን ጠጥቷል። ከላዩ ሑልበት አለበት፤ አብሹን ዘፍዝፋ፣ ውሃውን እየቀያየረች፣ አረፋ እስኪሆን መትታዋለች። መጀመሪያ ምላስህ ላይ ይቀልልሃል፤ ከዚያ የአብሹ መራራነት ትንሽ ብቅ ይልና ቅባቱን ይቆርጠዋል። ስትውጠው አፍህ ንጹሕ ሆኖ ይቀራል፤ ሌላ ጉርሻ ያስመኛል። እናቶቻችን የሠሩት ያው ነው፤ ግን በእነሱ እጅ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ከጎኑ ሩዝ አለ። በመጨረሻም ጊሽጣን ከግመል ወተት ጋር መትታ በትንሽ ብርጭቆ፣ ቀዝቃዛውን አመጣችልኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ጊሽጣ በልቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጣዕም እንዳለው ግን አላውቅም ነበር።

ሰውየውን ረሳሁት። ሳህኔን ጨረስኩ። ዞር ብዬ ልነግርህ ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ያኔ እንባዬ መጣ። በቀብርህ ቀን ሰው ሁሉ እያየኝ ያልወጣው እንባ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወጣ።

ፈትሒያ አየችኝ። እጇን ጠርጋ መጥታ ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጠችና እጄን ያዘች። አያልቅሱ አላለችኝም። «በሉ ይንገሩኝ» አለች።

ነገርኳት። ሥጋውን፣ ሑልበቱን፣ ጊሽጣውን ላንተ እንደምነግርህ አድርጌ ነገርኳት። «ሩዙ ላይ ግን ሄሉ በዝቷል» አልኳት። «ሥጋው ሊያወራን ሲል ሄሉ ይጮህበታል።» ዓይኗ ቦግ አለ። «ይሄን ነበር የፈለግኩት!» ብላ ተነስታ ወደ ወጥ ቤት ሮጠች። እኔም የሆነ ነገር ከደረቴ ላይ የወረደልኝ መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ቤቴ ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። ለራሴ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ድሬዳዋ ደርሷል። ጀማል ቅዳሜ መጣ። የመጣበት መኪና ባዶ ነው፤ ዕቃዬን ሊጭን ነው። «እማ፣ ሰው ምን ይላል? አባቴ ከሞተ ገና ምኑ ተነካና ነው ሆቴል ለሆቴል የምትዞሪው? ለተከራይ ቃል ሰጥቻለሁ፤ በይ እንሂድ።»

አልተቆጣሁትም። ፊቱ ላይ ያየሁት ቁጣ አልነበረም፤ እሱም አባቱን ያጣ ልጅ ነው። «ምሳ ብላና እናወራለን» ብዬ ወደ ፈትሒያ ወሰድኩት። ተቀመጠ፤ እጁን አጣጥፎ ሳህኑን ያያል።

ያን ጊዜ ነገርኩት። አባቱ እንዳይበላ ሲከለከል እኔን ይዞ ይዞር እንደነበር፣ በጆሮው ይበላ እንደነበር፣ ሾርባው እየቀዘቀዘ ዓይኑን ጨፍኖ «ከዚያስ?» ይለኝ እንደነበር። አንተ ለልጆቹ አንዱንም አልነገርካቸውም፣ አይደል? ጀማል ሳህኑ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። «እኛ ቤት ሲመጣ ምግብ አስጠላኝ እያለ ነበር እኮ የሚመለሰው» አለ ቀስ ብሎ። «የሚስቴ እጅ ያልጣመው መስሎኝ ተቀይሜው ነበር።»

«እንዳትሳቀቁለት ብሎ ነው» አልኩት።

ማንኪያውን አነሳ። እየበላ አለቀሰ፣ እያለቀሰ በላ። ፈትሒያ ከሩቅ አይታ ሌላ ሳህን ላከች፤ ያንንም በላ። ሲጨርስ በሶፍት ፊቱን ጠርጎ ስልኩን አወጣና ተከራዩ ጋ ደወለ። «ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ ቤቱ ሰው አለበት» አለው። መኪናውም ባዶውን ተመለሰ፤ ሮማን ብቻ ጫንኩለት።

አሁን ሐሙስ ብቻዬን አይደለሁም። ጎረቤታችን ራህማ፣ እሷም ባሏን የቀበረችው፣ «እኔስ አልራብም እንዴ?» ብላ ተከተለችኝ። ሌሎችም መጡ። አስተናጋጆቹ የመስኮቱን ጠረጴዛ «የእናቶች» ይሉታል። ያ አብሮህ ይቅም የነበረው ሰው ባለፈው እህቱን ይዞ መጥቶ ከእኛ ጋር አስቀመጣትና አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እኔም ለእህቱ ጊሽጣውን አዘዝኩላት።

በየመንደሩ አዲስ ምግብ ቤት እየተከፈተ ነው። እነዚህ ልጆች ያስደንቁኛል፣ አህመዴ። እንቅልፍ የላቸውም፤ ዘይት ሲጠፋ በሌላ ይሠራሉ፣ መብራት ሲሄድ በከሰል ይጨርሱታል፣ እንግዳ ፊት ግን ይስቃሉ። ባለፈው እሑድ ደግሞ ሌሎች ልጆች ከከተማው በላይ ባለው ተራራ፣ በሐኪም ጋራ ላይ፣ የአንድ ቀን ማዕድ ዘረጉ። ጀማል ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ መጣ። ሣሩ ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ተቀምጠን በላን። ከተማው በሙሉ ከእግራችን ሥር ነው፤ አንተ የተቀበርክበትም ይታያል፤ በእጄ አሳየኋቸው። ትንሿ ነጃት፣ አንተ ስትሞት ገና መናገር ያልጀመረችው የልጅ ልጅህ፣ እጄን ተከትላ አየችና «አባባ ምን ይወድ ነበር?» አለችኝ።

መናገር ጀመርኩ። ጀማልም ሚስቱም መብላታቸውን ትተው አዳመጡኝ። ነፋሱ ተነሳ፣ የነጃት ሩዝ ቀዘቀዘ፤ ቀዝቃዛውን በላችው። ማዕዱን የዘረጉት ልጆች ምንጣፉን ከሥራችን ሊጠቀልሉ መጥተው እነሱም ቆመው ሰሙኝ። አልጨረስኩም ነበር።

አህመዴ፣ የጠየቀኝን ሁሉ እነግራለሁ፤ ያልጠየቀኝንም እነግራለሁ። አፌ እስካልተዘጋ ድረስ ስምህ ከማዕዳችን አይነሳም። አላህ በጀነቱ ጨው የማይከለከልበትን የማዕድ ሶፍራ ያንጥፍልህ።

ዘይነብህ