ከሽንኩርት ሥር ስለተገኙት ሰብሳቢያችንና ስለተሰደደችው የምሳ ቁልፍ

ለክቡር አቶ ጥዑመልሳን፣
የብሩህ ተስፋ መረዳጃ ማኅበር ሰብሳቢ፣
ካርቱም ሁለት

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ደም ግፊትዎስ? ወገብዎስ? ሙቀት ሲጠና የሚያብጥብዎት እግርዎስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ መብራት ሲኖርም ደህና ነን፣ ሲጠፋም ደህና ነን፣ ብቻ ሲጠፋ ያልበናል።

ከሰላምታዬ ቀጥሎ አንድ ከባድ ዜና ስላለኝ ከካላክላ እስከ ካርቱም ሁለት ያላችሁ የማኅበራችን አባላት ሁሉ፣ የቆማችሁ ተቀምጣችሁ፣ የተቀመጣችሁም ግድግዳ ይዛችሁ እንድትሰሙኝ በትሕትና እለምናለሁ። የማኅበራችን የስልክ አፕ ሥራ በጀመረበት ዕለት ክቡር ሰብሳቢያችን ከአንድ ጆንያ ቀይ ሽንኩርት ሥር ተገኝተዋል። ከግራ ጆሯቸው በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ጆሮዋ የእርሳቸው መሆኗን ለማረጋገጥም ጊዜ ወስዶብናል፤ ስብሰባ ላይ ስትሠራ አይተናት አናውቅምና።

ይህን የምጽፍልዎት እኔ ሚልዮን ነኝ፤ የእትዬ ስንቅነሽን ምሳ በባለ ሦስት ጎማ ረክሻዬ ለደንበኞች የማደርሰው፣ ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጎብኝቼ የተሰናበትኩት፣ ካርቱም ስላሳደገችኝ አማርኛዬ ሲደናቀፍ በዐረብኛ ደግፌ የማቆመው። ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ሁሉ አፑን የሠራው ጓደኛዬ ወንደሰን፣ አል-ሳሃፋ ሰፈር ባለችው የስልክ መጠገኛ ሱቁ ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጬ ፉል እየበላሁ የሰማሁት ነው። ስለዚህ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የፉሉ ነው። ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን እንደሚከተለው በቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ቀዳሚነትዎ። ወንደሰን በትዕግሥት እንዳስረዳዎት የስልክ ገጽ የተሠራው እንደ ተገለበጠ ዛፍ ነው፤ ሥሩ ላይ፣ ቅርንጫፉ ታች። ሌሎችን የሚይዘው ሳጥን ወላጅ ይባላል፣ ውስጡ የሚገቡት ሥዕልና ጽሑፍና ቁልፍ ደግሞ ልጆቹ ናቸው። ስልኩ ልጆቹን በገቡበት ተራ ይሥላቸዋል፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ከተጋሩ ኋላ የገባው ፊት በገባው ላይ ይሣልበታል። ፍራሽ እንደመደራረብ ነው፤ መጀመሪያ የተነጠፈው ታች ይቀራል። እርስዎ ግን ፎቶዎ ከሁሉም በፊት እንዲገባ አዘዙ። «ጋሼ፣ እዚህ መጀመሪያ የገባ እኮ ታች ነው የሚሆነው» ቢልዎት «አንተ ልጅ፣ ከእኔ በፊት ካርቱም የገባ ማን አለና ነው?» አሉት። አስገባዎት። ከእርስዎ ቀጥሎ የገባው የካላክላ ገበያ ማስታወቂያ ነበር፤ ሽንኩርቱም የእርስዎን ዕድሜና ማዕረግ ሳያይ ተኛብዎት። በገዛ ፈቃድዎ ከሁላችን በታች ሆነው ስላሳዩን እናመሰግናለን።

፪ኛ. ስለ ትሕትናችሁ። የኮሚቴው አባላት ፎቶ በሙሉ አንዲት ቦታ ላይ እንዲደራረብ ያዘዙት እርስዎ ነዎት፤ «አንድነታችን እንዲታይ» ብለው ነበር። አንድነቱ እጅግ ያማረ ስለነበር ከስድስት ሰው የሚታየው አንድ ብቻ ሆነ። ይህንኑ ለማስተካከል አዳራሹ ውስጥ በተሰበሰባችሁ ጊዜ ወንደሰን መጨረሻ የሚገባው ላይ እንደሚሆን ደግሞ አስረዳ፤ እኔም ያዘዛችሁትን ምሳ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበርና ያየሁትን እመሰክራለሁ። ከዚያ በፊት በዚያ በር ስትገቡ በትከሻ ትጋፉ የነበራችሁ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተለወጣችሁ። «አቶ ክንፉ፣ እርስዎ ይቅደሙ።» «ኧረ ነውር ነው፣ እርስዎ እያሉ?» «በሞቴ ይግቡ።» «እሞታለሁ እንጂ አልቀድምም።» ጸሐፊያችንም አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ለእኔ ግድ የለም፣ ሁላችሁም ከገባችሁ በኋላ የቀረችው ትበቃኛለች» አሉ። ወላሂ እንባዬ መጣ። ከሩቅ ያያችሁ ሰው ገዳም የገባ ይመስለዋል። ሽሮው በእጄ ላይ ቀዘቀዘ፣ ወንደሰንም ላፕቶፑ ላይ ሊተኛ ደረሰ፣ በመጨረሻም እርስዎ ተነሥተው ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እንግዲህ እኔ የሁላችሁ አባት ስለሆንኩ የመጨረሻውን ቦታ ልሸከመው» አሉና ተሸከሙት። ስለ መሥዋዕትነትዎ እናመሰግናለን። ሽሮውን ግን እንደገና ያሞቅሁት እኔ ነኝ።

፫ኛ. ስለ መስፋትዎ። ወንደሰን ከሽንኩርቱ ሥር አውጥቶ መጨረሻ ላይ መልሶ ሲያስገባዎት ነገሩ ያበቃ መስሎን ነበር። እርስዎ ግን ፊትዎ ጠበበብኝ ብለው ፎቶው ከዳር እስከ ዳር እንዲለጠጥ አዘዙ፤ ተለጠጠም። ከሥርዎ አንዲት ቢጫ ቁልፍ ነበረች፣ «ምሳ እዘዝ» የምትል፣ የእትዬ ስንቅነሽ። ቁልፏ አልጠፋችም፣ እዚያው ናት፤ ግን ሁለት ነገር ሲደራረብ የሰው ጣት የምትደርሰው ላይኛው ላይ ብቻ ነው፣ ላይኛው ደግሞ እርስዎ ነዎት። ስለዚህ የራበው ሰው ቁልፏ በነበረችበት ቦታ ሲነካ የሚከፈትለት የእንቁጣጣሽ መልእክትዎ ሆነ። መልእክቱ ጥሩ ነው ይባላል፤ እስከ መጨረሻው ያየው ሰው ሲገኝ አረጋግጥልዎታለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቀልዴን አቆማለሁ፣ ቶሎ እመለስበታለሁ። እትዬ ስንቅነሽ ካላክላ በተከራዩት ግቢ ሲያበስሉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ የቤት ኪራዩም የሚወጣው፣ እኔም የምበላው ከዚያ ድስት ነው። ትእዛዝ ሲቀር ስልኩን አልጠረጠሩም። የጠረጠሩት እጃቸውን ነው። አንድ ቀን ጨው ቀነሱ፣ በማግስቱ ጨመሩ፣ ከዚያ ከአገር የመጣላቸውን በርበሬ ሻግቶ ይሆናል ብለው ለሱዳናዊት ጎረቤታቸው ሰጡ፤ ሴትዮዋ እስከ ዛሬ ውሃ እየጠጣች ነው። በመጨረሻም ድስቱን እንደ ሞላ ይዤላቸው ስመለስ «አንተ ሚልዮን፣ እውነቱን ንገረኝ፣ አልቆጣም፤ እጄ ተበላሽቷል አይደል?» አሉኝ። እኔ በሁሉ ነገር የምቀልደው ሰውዬ ድስቱን አስቀምጬ ረክሻዬን ማጠብ ጀመርኩ። ነገሩን የደረስንበት ካርቱም ሁለት ፀጉር የምትሠራው ደንበኛችን ራሔል መንገድ ላይ አግኝታኝ «ምን አድርጌያችሁ ነው? ምሳ በነካሁ ቁጥር ሽማግሌው ይወጡብኛል» ስትለኝ ነው።

፬ኛ. ስለ ደረትዎ። ከወንደሰን ጋር ቢሮዎ መጥተን፣ ጫማችንን ጠርገን፣ ቁልፏን ከሥርዎ አውጥተን በፎቶዎ ሳጥን ውስጥ ልጅ አድርገን እናስገባት ብለን ለመንንዎት። እርስዎ ወላጅ፣ እሷ ልጅ፤ እርስዎ በተንቀሳቀሱበት ትንቀሳቀሳለች፣ እርስዎ ከተነሡ አብራ ትነሣለች፣ እስካሉ ድረስ ደግሞ ደረትዎ ላይ እንደ ኒሻን ታበራለች። እርስዎም አሰብ አድርገው «እኔ ደረቴ ላይ ምስር ወጥ አልለጥፍም፤ ቁልፏ ከሥሬ ምን ትሠራለች? ትነቀል፣ ኸላስ፣ አለቀ» አሉን። ፍርድዎ ፈጣን ስለሆነ እናመሰግናለን።

፭ኛ. ይህኛው ቅሬታ የወንደሰን ነበር፤ እኔ ስጽፈው «ተወው፣ ሥራ አለብኝ» ስላለኝ ትቼዋለሁ።

፮ኛ. ስለ ሁለት ወላጅ። ወንደሰን የእርስዎንም ቃል ላለማፍረስ፣ የእትዬ ስንቅነሽንም ድስት ላለመድፋት ብሎ ቁልፏን ከፊተኛው ገጽ ሳያወጣ ሌላ ገጽ ላይም ሊያስገባት ሞከረ። ስልክ ግን በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም፤ አንድ ልጅ ሁለት ወላጅ ሥር አይገባም፣ ከመጀመሪያው ሳይወጣ ሁለተኛው ጋ ከወሰዱት ተናዶ አፑን ይዘጋዋል። ዘጋውም። በዚያ ከሰዓት አፑን የከፈተ ሁሉ በአፍንጫው ላይ ተዘጋበት፤ እርስዎም እንግዶች ፊት ስልክዎን እየመቱ ነበር አሉ። አንድ ሰው ሁለት ማኅበር ላይ ሰብሳቢ መሆን በሚችልበት ከተማ ለአንዲት ቁልፍ ይህን ያህል መጥበቁ ለእኔም አልገባኝም፤ ይህን ደንብ እርስዎ እንዴት እንዳለፉት ለወንደሰን ቢነግሩት ደስ ይለዋል።

በመጨረሻ ወንደሰን በደንቡ መሠረት ቁልፏን ከፊተኛው ሳጥን አወጣት፤ ትእዛዝዎ ተፈጸመ፣ ተነቀለች። ከዚያ የተነቀለችውን ይዘን ፎቶዎ የሌለበት ገጽ ብንፈልግ፣ ብንፈልግ፣ አፑ ውስጥ አንድ ብቻ ተገኘ፤ የሐዘን መግለጫው ገጽ። ያላ ብለን ከሻማው ሥዕል በታች አስገባናት። ያኔ ወሬው በራሔል በኩል ካርቱምን ዞረ፣ እኔም ከትእዛዙ ብዛት ረክሻዬን ማቆም አቃተኝ። ዛሬ ሃፍላ ውስጥ፣ በዘፈንና በጭፈራ መሐል ቆሞ የሐዘን ገጽ ከፍቶ ከንፈሩን የሚልስ ሰው ካጋጠመዎት ልቡ ጨክኖ አይደለም፣ የእኛ ደንበኛ ነው።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደ ጭንቀቴ ደረስኩ። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ላይ ተነሥተው የሐዘን ገጹ ከሁሉም ገጾች በላይ እየተከፈተ መሆኑን አበሠሩን፤ «ይህ በአመራራችን ሥር የሕዝባችን ርኅራኄ ማደጉን ያሳያል» ሲሉም አዳራሹ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ እስኪቀላ። ሕዝቡ በእርግጥ አዝኗል፤ በተለይ ምስሩ ያለቀ ቀን። ነገር ግን ከጭብጨባው በኋላ ይህን ያህል ሰው የሚያየው ገጽ ያለ ሰብሳቢ መቅረት ስለሌለበት ፎቶዎ እዚያም በሙሉ ስፋቱ፣ በመጨረሻ፣ ከሁሉም ላይ እንዲገባ ወሰኑ። ወንደሰን ትእዛዙ ደርሶታል። እትዬ ስንቅነሽ ግን ገና አልሰሙም፤ በርበሬያቸውን ከጎረቤት አስመልሰው፣ ጨዋቸውንም በአንድ ልክ አቁመው፣ ሰሞኑን እያንጎራጎሩ ነው የሚያበስሉት። እንደገና «እጄ ተበላሸ ወይ?» ብለው ሲጠይቁኝ ማየት አልፈልግም። ስለዚህ ከእግርዎ ሥር ወድቄ፣ ያበጠውን እግር ሳልነካ፣ የምለምንዎት አንድ ነገር ነው፤ ያንን ገጽ ይተዉልን። ሌላው ሁሉ የእርስዎ ይሁን። ከፈለጉ የፊተኛው ገጽ ላይ ሁለት ጊዜ እናስገባዎት፤ ወንደሰን ለእርስዎ ሲል ሁለተኛ ፎቶ ያነሣል።

ይህን ሁሉ ካስነበብኩዎት በኋላ እውነቱን ልናገር፤ ነገሩ እጅግ ትንሽ ነው። የምንነጋገረው የአውራ ጣት ጥፍር ስለምታህል ቢጫ ቁልፍ ነው። ሽንኩርቱም ፎቶ ነበር፣ እርስዎም ፎቶ ነበሩ፣ የተሰበረ አጥንት የለም። ወንደሰን ቁልፏን አንሥቶ ሌላ ቦታ ለማስገባት የፈጀበት ጊዜ እኔ አንዲት ዳቦ በፉል ጠርጌ እስክጨርስ ያህል ነበር። ከባድ ዜና ብዬ ግድግዳ ያስያዝኳችሁ ሁሉ ልቀቁት፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ፎቶዎ ባለበት ይጽና፣

ከስፋትዎ ጥላ ሥር ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣው፣
ባለ ረክሻው ሚልዮን፣ ከካላክላ

ማስታወሻ፦ «የለም፣ ፎቶዬ የሐዘን ገጹ ላይ መውጣት አለበት» ካሉ እኛ ትእዛዝ አክባሪዎች ነን። እዚያ ገጽ ላይ የአንድ ሰው ፎቶ በትልቁ ሲወጣ አገር ምን ብሎ እንደሚረዳው ግን እርስዎም ያውቃሉ። ስለዚህ የሚወጣበትን ቀን አስቀድመው ብቻ ይንገሩን፤ እትዬ ስንቅነሽ ለንፍሮው ስንዴ መዘፍዘፍ አለባቸው።