ስምሽን ያላነሱበት ጨዋታ

ልጄ ሐመልማል፣

የተክለ ሃይማኖት አምላክ በዚያ በኖርዌይ ብርድ ከፊትም ከኋላም ይጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሰፈራችን በርበሬ በረንዳም እንደ ልማዷ ታስነጥሰናለች። ካፖርትሽን ቆልፊ፣ በባዶ ሆድሽም አትውጪ።

ትተሽው የሄድሽው የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ዘንድሮም መጨረሻ ወጣ። የመዝጊያውን ጨዋታ ሱቄን ዘግቼ ሄጄ አየሁት፤ ለጥቂት ተሸነፉ። አምና በተሸነፉ ቁጥር «ሐመልማል ብትኖር ኖሮ!» እያሉ ያለቅሱ ነበር። ዘንድሮ ስምሽን ያነሳ የለም። በቦታሽ የምትጫወተው ማርያማዊት ሁሉንም ሰብስባ «ኳስ ቶሎ አላቀበልንም፤ ማክሰኞ እሱን እንለማመዳለን» አለቻቸው። እኔ በገንኩ። ልጄን እንዲህ ቶሎ ይርሷት? ብዬ ሰላም እንኳ ሳልላቸው ወጣሁ። ታክሲ ተሰልፌ ስጠብቅ ነው የገባኝ፤ ለካ ራሳቸውን መቻላቸው ነው። ደረጃው ላይ አይታይም እንጂ ልጆቹስ ተሻሽለዋል።

አሁን ማልያሽን ለማርያማዊት ልስጣት? አጥቤ ትራስሽ ስር ነው ያስቀመጥኩት። እባክሽ እሺ በይኝ።

እመብርሃን በጥላዋ ትጋርድሽ። እነሱስ ያለ አንቺ መጫወት ለመዱ። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ ሱቅ ስዘጋ ዛሬም «ሐመልማል፣ ቁልፉን አቀብዪኝ» እላለሁ።

እናትሽ ሸዋርካብሽ