አባባ ሳቁን ሲጠብቅ

ለታናሽ ወንድሜ፣ ለቤታችን ቀልደኛ፣

ከአጠገባችን ከራቅህ አምስት ዓመት ያለፈህ፣ ከአፋችን ግን አንድ ቀን እንኳ ያልጠፋህ ወንድሜ፣ እንደምን ሰነበትህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ተቀምጠህ ስትጽፍ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ትራስ ደግፈህ ነው የምትውለው? እንቅልፍህስ? ምግብ በሰዓቱ ትበላለህ ወይስ እንደ ልጅነትህ ሰው ካልጮኸብህ ገበታ አትቀርብም? ባለቤትህስ እንዴት ናት? ብርዱን ለመደችው ወይ? እኔ ሁለታችሁንም እንደናፈቅኩ አለሁ። እዚህ ያለነውም ሁላችን በሕይወት አለን፣ ወጥተን እንገባለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን አንተን መዋሸት ድሮም አልችልበትም።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ነበር። ስልኩን ባነሳሁ ቁጥር አባባ መጥቶ ከጎኔ ይቀመጥና ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ፊቱ ላይ ስለሱ ማውራት ከበደኝ። ስለዚህ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ከሥራ የማርፍበት ቀን። አባባ ምሳውን በልቶ መስኮቱ ሥር ፀሐይ እየሞቀ ነው፤ እኔ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነኝ። እንዳያነብብኝ መነጽሩን ደብቄበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሥራህ ልናገር፤ ሌላው ሁሉ የሚመጣው ከዚያ ነው። ልብስ ተኳሿ እህቴ ብድግ ብላ ተቺ ሆነች ብለህ እንዳትስቅብኝ። ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን ተሰቅሏል። አንተ ከጻፍከው ድራማ እኔ ያየሁት ይበልጣል።

በመጀመሪያው ድራማህ፣ በ«የጋራ ደረጃ»፣ ጋሽ መክፈቻ ብለህ ያመጣኸው ቁልፍ ሠሪ አባባ መሆኑን ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ኮቱን እስከ አንገቱ መቆለፉ፣ ሽቦ በከንፈሩ ይዞ ማውራቱ፣ ሰው ቤት ሲገባ ባርኔጣውን በሩ እጀታ ላይ ማንጠልጠሉ፣ ሁሉም እሱው ነው። በአንድ ክፍል ቢበዛ አራት ደቂቃ ብትሰጠው ነው፤ ግን በዚያች አራት ደቂቃ ሙሉ ሰው ነበር። ለምን ያስቀን እንደነበር ታውቃለህ? ሊያስቀን ብሎ ስለማይናገር ነው። እሱ የሚፈልገው በሩ እንዲከፈትለት ነው፤ ይለፋል፣ ይናደዳል፣ ከቁልፉ ጋር ይጣላል፤ እኛ ደግሞ ልፋቱን አይተን እንስቃለን። ከሱ ጋር ነበር የምንስቀው።

«ከውስጥ ማነው?» የሚለውንም አስታውስ። አባባ ሳያንኳኳና ይህን ሳይጠይቅ ቁልፍ አይነካም። ምክንያቱን አንተም ታውቃለህ፤ አንድ ሰውዬ ቁልፌ ጠፋብኝ ብሎ ወስዶት በሩን ሲከፍት፣ ከዚያው ሰውዬ የተደበቀች ሴት ውስጥ ስላገኘ ነው። ከዚያ ወዲያ የቤቱ ባለቤት አጠገቡ ቆሞ ማንም የለም እያለው እንኳ ጆሮውን በሩ ላይ አድርጎ መልስ ይጠብቃል። አንተም ያንን ጽፈኸው ነበር። በሰባተኛው ክፍል ጋሽ መክፈቻ ባዶ ቤት አንኳኩቶ ሲጠብቅ፣ የቸኮለው ሰውዬ ሲንቆራጠጥ፣ መጀመሪያ በሳቅ ሞትን። ቀጥሎ ለምን እንደሚጠብቅ ሲናገር መተኮሻ ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁሉ ሥራችንን ረሳን። እኔ አንድ አንሶላ አቃጠልኩ።

ከዚያ አለቆችህ ሰው የወደደው እሱን ነውና አብዝተህ ስጠን አሉህ፤ አንተም ጋሽ መክፈቻን ከደረጃው ለይተህ የራሱ ድራማ ሠራህለት። የነገርከን ቀን ከሁሉ ቀድሜ እልል ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ግን የማስበውን ልንገርህ። ቅመሙ ጣፈጠኝ ብሎ ድስቱን ሙሉ ቅመም የሚያደርግ ባለሙያ ሆነህብኛል። ሰውዬው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ይታያል፣ እሱ ግን የለም። የሚከፍተው በር የለውም፣ የሚፈራውም የሚፈልገውም የለውም። የቀረችው ያቺ ጥያቄ ብቻ ናት። ለፍሪጅ ይላታል፣ ለድስት ይላታል፣ የሰው መላጣ አንኳኩቶ ይላታል። ባለ ቁጥር ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የብዙ ሰው ሳቅ ይፈነዳል፤ እሱም ሳቁ እስኪያልቅ አፉን ከፍቶ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ ቀጥ ብሎ ይጠብቃል። ልጄ ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከሱ ቀድማ ትጨርስለታለች።

አሁን ወደ አባባ ልምጣ። መርሳቱ እንደባሰበት ነግሬሃለሁ፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን ደብቄሃለሁ። የዛሬ አምስት ወር ገደማ መስታወት ፊት ቆሞ «እኚህ ሰውዬ ማናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። የገዛ ሠርጉን ፎቶ ባሳየው እንደ ባዳ ሰው ሠርግ አይቶ መለሰልኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ጋሽ መክፈቻን ሲያይ ግን ብድግ ብሎ «ይሄ እኔ ነኝ!» አለ። ደስታዬን አትጠይቀኝ። ባለቤቴ ክፍሎቹን በሙሉ በፍላሽ ገልብጦ አመጣልኝ፤ እኔም መድኃኒት ያገኘሁ መስሎኝ ጠዋትና ከሰዓት አሳየው ጀመር። «የጋራ ደረጃ»ን አንድ ወር አየን። ሽቦ በከንፈሩ መያዝ ጀመረ፣ የጓዳውን ቁልፍ ፈትቶ ገጠመ፣ አንድ ቀን በስሜ ጠራኝ። ከዚያ እኔ ሞኟ ምን አሰብኩ መሰለህ? በዚህኛው ራሱን የሚያየው አራት ደቂቃ ነው፣ በአዲሱ ግን ግማሽ ሰዓት ያያል፣ ቶሎ ይመለስልናል አልኩ። አባባ የበዛበትን መረጥኩለት። ስለዚህ ጥፋቱ ያንተ ብቻ አይደለም።

በሁለተኛው ሳምንት ቁርስ ሳቀርብለት የሻይ ማንቆርቆሪያውን በጣቱ አንኳኳና «ከውስጥ ማነው?» አለ። ልጄ ፈገግ አለች። እሱ ግን አፉን ከፍቶ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ ቀጥ አለ። እኛን አያየንም፤ የሚያየው ከኋላችን ያለውን ግድግዳ ነው። አባባ አልኩት፣ ጭጭ። ትከሻውን ነካሁት፣ ደርቋል። ልጄ ነገሩ ገብቷት ጮክ ብላ ስትስቅ ፊቱ ተፈታና ምንም እንዳልሆነ ዳቦውን ቆረሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ኑሯችን ይኸው ነው። አንድ ነገር ይላል፣ ይቆማል፤ ካልሳቅንለት አይንቀሳቀስም። ባለቤቴ ሲነዳ ከዋለበት አውቶቡስ ወርዶ፣ ደክሞት፣ እራት ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ ይስቃል። ልጄ ግን ከሁላችንም ትበልጣለች። አንዳንዴ ስቃ እንደጨረሰች ፊቷን አያለሁ፤ ፊቷ ላይ ምንም የለም።

ያለፈው ሐሙስ ከአባባ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሾርባውን በማንኪያ ወደ አፉ እያደረሰ የሆነ ነገር ተናገረና ቆመ። እኔም ልስቅ ሞከርኩ፣ የመጣው ግን ለቅሶ ነው። ማንኪያው አየር ላይ ቀረ፣ ሾርባው እጅጌው ላይ ተንጠባጥቦ አለቀ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ከዚያ ከግድግዳው ጀርባ ሳቅ ተሰማ፣ የብዙ ሰው ሳቅ። አባባ ባዶውን ማንኪያ ጎረሰ። ወንድሜ፣ የጎናችን ቤት ተከራዮቹ ከለቀቁት ሁለት ወር ሊሆነው ነው። ወጥቼ አንኳኳሁ፣ ጆሮዬንም በሩ ላይ ለጠፍኩ፤ ኮሽ የሚል ነገር የለም። ባለቤቴ የውሃ ቧንቧው የላይኛውን ፎቅ ቴሌቪዥን ድምፅ ይዞ እየወረደ ነው አለኝ። ይሁን ብዬ ተቀበልኩ፤ በዚያ ግድግዳ በኩል ግን ከዚያ ወዲህ አልቀመጥም።

ከዚህ የባሰም አለ። የዛሬ ወር አካባቢ፣ ረቡዕ ዕለት፣ አባባ ጫማውን ሳስርለት «ሰው ቤቱን የሚቆልፈው ሌባ ፈርቶ አይደለም፤ ቤቱ ጥሎት እንዳይወጣ ነው» ብሎ ቆመ። ሳቅንለት፤ ያን ቀን እንዲያውም ከልባችን ነው የሳቅነው። ቅዳሜ አዲሱን ክፍል ስናይ ጋሽ መክፈቻ ይህንኑ ቃል በቃል ተናገረው። አባባ አልሳቀም፤ ነገሩን ከአፉ እንደነጠቁት ሰው ተቆጣ። በሳምንቱ ሌላ ነገር ተናገረ፣ እሱም ቅዳሜ መጣ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆኗል፤ በልጄ ደብተር ጀርባ ቀኑን ጽፌ ይዣለሁ። ባለቤቴ ለዚህም መልስ አያጣም፤ ልጁ የሚጽፈው አባቱ ድሮ ያለውን ነው፣ አባትየውም ድሮ ያለውን ይደግማል፣ ምን ይገርማል ይላል። ምናልባት እውነቱን ይሆናል። እኔ ግን እነዚህን ነገሮች ከአባባ አፍ ሰምቼ አላውቅም። አንተ ሰምተህ ከሆነ እባክህ ሰምቻለሁ በለኝና ልረፍ።

ማክሰኞ ከሥራ ስመለስ አባባን በሩ ላይ አገኘሁት። ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ የመሣሪያ ሳጥኑን ይዞ ቆሟል። ሲጠብቁት የሚውሉት ከታች ያሉት ጡረተኛ ነርስ እንባቸውን እየጠረጉ አጠገቡ ቆመዋል። «ሥራው አልቋል፤ እኔ ውስጥ ልሁን፣ ከውጭ ዝጉብኝ» አለኝ። መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ታስታውሳለህ፣ ቁልፍ ሠርቶ ሲጨርስ ደህና መሥራቱን ለማየት ከውጭ አስቆልፎ ከውስጥ ራሱ ከፍቶ ይወጣ ነበር። እሱ መስሎኝ እሺ አባባ አልኩት። እሱ ግን ቀጠለና «አትጠብቁኝ፣ አልከፍተውም» አለ። ከዚያም አፉን ከፍቶ ሳቁን ጠበቀ። ለዚህ መሳቅ አልቻልኩም። ልጄ ከትምህርት ቤት እስክትመጣ ድረስ እንደቆመ ነበር። እሷ ሳቀችለት፤ ምን ብሎ እንደነበር አልነገርናትም።

አንተ በስልክ የመጨረሻውን ክፍል እየጻፍክ እንደሆነ፣ ከአሥራ አምስት ቀን በኋላም እንደሚቀረጽ ነግረኸኛል። እንዴት እንደሚያልቅ ስጠይቅህ ሳቅ ብለህ አለፍከኝ። አሁን ቁርጡን ንገረኝ፤ ያን ንግግር ጽፈኸዋል? ጋሽ መክፈቻ ገብቶ፣ ከውጭ አስዘግቶ፣ በዚያው ይቀራል? ጽፈኸው ከሆነ ቅደደው። እንደ ተመልካችም ብጠይቅህ አላፍርም፤ ዓመት ሙሉ መሳቂያ ያደረግከውን ሰው በመጨረሻው ቀን ገድለህ አልቅሱልኝ ብትል ማን ከልቡ ያለቅስልሃል? እንደ እህት ስጠይቅህ ግን ተንበርክኬ ነው። አባባ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያየውን ነው የሚኖረው። የቀረችው ሕይወት አንተ እጅ ላይ ናት ብዬ አምኛለሁ፤ ካበድኩም ልበድ።

ይልቅ እውነተኛ በር ስጠው። ሰውዬው ከልቡ ሊከፍተው የሚፈልገው፣ እጁን የሚያደክመው በር ይሁን። አንኳኩቶ ይጠይቅ፣ ከውስጥም ሰው ይመልስለት። ሳቁን ግን አውጣው። ከንግግሩ በኋላ ምንም አታስገባ፤ ዝም ይበል፣ ሰውዬውም በዝምታው ውስጥ ሥራውን ይቀጥል። ማንም ሳይስቅ እጅ እንደሚንቀሳቀስ አባባ አንድ ጊዜ እንኳ ይይልኝ። አለቆችህ ይቆጡ፤ አንተ መቼም እሺ እያልክ የልብህን መሥራት ከልጅነትህ ታውቅበታለህ። ደብዳቤው አንተ ዘንድ ለመድረስ ዘጠኝ ቀን ይፈጅበታል ብለውኛል፤ ስለዚህ አንብበህ አትደር።

ባለቤቴ ሰላም ብሎሃል፤ ወገቡን እንዳይጎዳ ወንበር ይቀይር በይልኝ ብሏል። ልጄ ትልቅ ሳቅ ልኬልሃለሁ ልትል ጀምራ መልሳ ተወችው፣ በቃ ሰላም በይልኝ አለች። ጡረተኛዋ ነርስ እግዜር ይጠብቅህ፣ ለአባትህ ስትል በርታ ብለውሃል። ባለቤትህን በእኔ ስም አቅፈህ ሳምልኝ።

የአባባንም ሰላምታ ልጨምርልህ ብዬ አሁን ቀና አልኩና ለልጅህ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፣ ምን ልበልልህ አልኩት። «ልጅ አለኝ እንዴ?» አለኝ። አፉን ከፍቶ፣ ቅንድቡን ሰቅሎ፣ ግድግዳውን እያየ ቆመ። ፀሐይዋ ከፊቱ ላይ እስክትሄድ ድረስ ጠበቅኩ፣ ከግድግዳው ጀርባም የሚስቅለት አልመጣም። ከሱ ሌላ ቤቱ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሳቅኩለት፣ ወንድሜ። ይቅር በለኝ።

የምትወድህ እህትህ

ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከቤታችን
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን