የኮትሽ ኪስ

ልጄ፣ የሄድሽበት ይቅናሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። የአባትሽ ጉልበት ተሽሎታል፤ ምላሱ ግን እንደነበረ ነው።

የላክሽውን የኮርስ ዝርዝር ጎረቤታችን መምህሩ አነበበልኝ። ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ ሕግም አለ፣ የልብስ ዲዛይንም አለ። አንቺ ሕግ ጀመርኩ ብለሻል፤ ሆዴ ግን አላመነም። ከዝርዝሩ ጋር በላክሽው ፎቶ ላይ የለበስሽውን ኮት ከሱቅ ገዛሁት አላልሽም? አርባ ዓመት ልብስ ስሰፋ፣ የኪስ ጫፍ ላይ ስፌቱን ሦስቴ የሚመላልስ ከእኔ ሌላ አላየሁም፤ እሱንም ከጎኔ ተቀምጠሽ ያየሽው አንቺ ነሽ። ዓይኔን የጨረሰውን ሥራ እንዳትነኪ ብዬሽ ነበር።

አልቆጣም። ብቻ ኮቱን ገልብጠሽ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፤ ስፌት የሚታወቀው ከውስጥ ነው። ገበሩ ከተጣመመ፣ አርፈሽ ሕግሽን ተማሪ።

ቀጥ ካለ ግን፣ እጅሽ ይባረክ።

እናትሽ